አራት ቀለም ለአንዲት ጀልባ

ብዙ የማያወራ ሰው ብልህ ይመስላል። እኔ በዚህ ብዙ ተጠቅሜያለሁ። ከእድር ስብሰባ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጥቼ፣ «ዛሬ ልክ የተናገረች እሷ ናት» ሲባል ሰምቻለሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና አላስተባበልኩም። እንዲህ በዝምታዬ ተከብሬ ስኖር፣ ባለፈው ኅዳር አንዲት የዓሣ ጀልባ አዋረደችኝ። ውርደቱ ግን በደስታ ያለቀ ነውና ልንገራችሁ።

«ጋይንት ላይ ጀልባ ከየት መጣ?» የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው። እኛ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ሰዎች ነን። ውሃ የምናውቀው ከሰማይ ሲወርድ ወይም ከምንጭ ሲቀዳ ነው። ከመንደራችን በታች የመስኖ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ግን ሸለቆው ውሃ ሞላ። ውሃው ውስጥ የዓሣ ጫጩት ተጨመረ፤ እሱም ማንም ሳያየው ተዋለደ። የቀበሌያችን ወጣቶች ዐሥር ሆነው ዓሣ ለማስገር ተደራጁ። ከዐሥሩ አንዷ ልጄ ሠናይት ናት።

ስለ ሠናይት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሦስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። እዚያ ያየችውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከመጣች በኋላ ሥራ ፈልጋ አጣች። የላከቻት ደላላ ደግሞ ስልክ መደወል አላቆመችም። የጀልባው ወሬ የተሰማ ዕለት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እማዬ፣ ይህቺ ጀልባ ከሆነች እቀራለሁ። ካልሆነች ከገና በኋላ እሄዳለሁ። እንዳታለቅሺብኝ» አለችኝ። አላለቀስኩም። በማግስቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዱስ ሚካኤልን ብዙ አስቸገርኩት።

ጀልባዋ በጭነት መኪና መጣች። ሐይቅ ዳር ለዓመታት አገልግላለች አሉ። አልሙኒየም ናት ተባለ። እኛ የምናውቀው አልሙኒየም ድስት ነው። ጎረቤታችን አያ አድማሱ ቀርቦ በጣቱ ኳ ኳ አደረጋትና፣ «የስንት ሰው ወጥ ትይዛለች?» ብሎ ጠየቀ። መኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ መጥቶ እዚያው አራገፋት። መንገዱ የሚያልቀው የአያ አድማሱ አውድማ ላይ ነው። ልጆቹ ሆዷን ወደ ሰማይ ገልብጠው አስቀመጧት።

ሰንበትበት ብሎ ስልክ ተደወለ። ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የዓሣ ባለሙያ ከደብረ ታቦር ትመጣለች፤ ጀልባዋን ትመረምራለች፤ ደህና ናት ካለች በዕለቱ ውሃ ላይ ትወርዳለች። አይደለችም ካለች ግን ተራ የሚጠብቅ ሌላ ማኅበር ስላለ መኪናው መጥቶ ይወስዳታል። የተባለው ይኸው ነው። ስለ ቀለም ማንም ምንም አላነሳም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ይሁንና የእኛ አገር ሰው እንግዳ ይመጣል ተብሎ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ትልቅ ሰው ሊያልፍ ነው ከተባለ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ እንቀባለን። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ባሕር ዛፎች እስከ ወገባቸው ኖራ ቀብተን፣ እንግዳው ሳይመጣ ቀረ። ዛፎቹ ነጭ ሱሪያቸውን እንደ ለበሱ ከረሙ። ስለዚህ «ባለሙያ ትመጣለች» ሲባል፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጌትነት ወዲያው ተነሥቶ፣ «የጀልባዋ ሆድ ቀለም ይቀባ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የቀረው ምን ዓይነት ቀለም የሚለው ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ከዐሥር ሰው ዐሥራ አንድ አሳብ ወጣ። ሊያያዙ ሲደርሱ ጌትነት፣ «ምርጫውን ለእማማ እንስጣቸው። ለማንም አያደሉም፤ ቃላቸውም አንድ ነው» አላቸው። እማማ የተባልኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ጠባዬን መናዘዝ አለብኝ። ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ አሳቡን ሲነግረኝ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት አላደግኩበትም። እናቴም አላደገችበትም። «ደግ» እላለሁ። ሰምቼሃለሁ፣ ደህና ግባ ማለቴ ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ። ለዶሮ ዋጋና ለበግ ጠባቂ ተራ ይህ አነጋገር በቂ ነው። ለጀልባ ግን በቂ አይደለም።

መጀመሪያ የመጣው ራሱ ጌትነት ነው። ምርጫውን ለእኔ የሰጠ ልጅ፣ ለብቻው መጥቶ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«እማማ፣ እርስዎን ለመጫን አይደለም።»

«አይደለም።»

«ግን ይህቺን ይዩልኝ። ሰማያዊ ናት። ውሃ ሰማያዊ፣ ጀልባዋ ሰማያዊ። ዓሣው ቀና ብሎ ሲያይ ምንም አይታየውም።»

«ሰማዩ ይመስለዋል» አልኩ።

«እንደሱ ነው! ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ደግ።»

ጌትነት እጄን ስሞ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን የነፍስ አባቴ መጡ። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ከደብሩ እስከ ወንዙ የሚሰማ አባት ናቸው። ስለ ጀልባዋ ሰምተው ሌሊቱን ሲያስቡ አድረዋል።

«ልጄ፣ ነገሩ ከመጽሐፍ አይወጣም» አሉ። «እግዚአብሔር ኖኅን መርከብ ሥራ ሲለው፣ ቀለም ምረጥ አላለውም። በውስጥም በውጭም በቅጥራን ለቅልቃት ነው ያለው። ዓለም ሲጠፋ የተረፈችው በቅጥራን የተለቀለቀችው ናት።»

«እውነት ነው አባቴ።»

«ቅጥራን ባይኖር ሬንጅ አለ። አስፋልት የሚሠሩትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ትንሽ ጠይቄ አመጣለሁ። ጥቁር ይሁን። ክረምት ሙሉ ቢዘንብባት አያስገባም።»

ከነፍስ አባት ጋር ስለ ቀለም የሚከራከር ሰው አለ? ጉልበታቸውን ስሜ፣ «ደግ» አልኩ።

አያ አድማሱ ሦስተኛ ነው። እሱ እንኳ ሊያማክረኝ አልመጣም፤ ሊያስታውቀኝ ነው የመጣው። የብረት በሩን ሲቀባ የተረፈው ቀይ አንቲረስት በጋሎን ነበረው።

«አንቺ ሴት፣ ብረት ያለ አንቲረስት ይዝጋል። የእኔን በር አይተሽዋል፤ አሁንም እንደ በርበሬ ነው። ደግሞ አውድማዬ ላይ ነው የተቀመጠችው። ባለ አውድማ አሳብ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲህ ቀይ።»

«ደግ፣ አያ አድማሱ።»

አሁን «እሷስ የራሷ አሳብ አልነበራትም?» ትሉ ይሆናል። ነበረኝ። ነጭ ይሻላል ባይ ነበርኩ። ነጭ ያልኩበትም ምክንያት ነጠላዬ ነጭ ስለሆነ ነው፤ ሌላ የለውም። ብቻ በልቤ «አንዴ ባለሙያ ልጠይቅ» ብዬ፣ ጨው ልገዛ ንፋስ መውጫ ከተማ በወጣሁበት ቀን ወደ ሰይድ ቀለም ቤት ጎራ አልኩ። ሰይድ ደግ ነጋዴ ነው። የማያስፈልግህን ዕቃ ከእጅህ ላይ ነጥቆ መደርደሪያው ላይ ይመልሳል።

«እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ለቤት ነው?»

«ለጀልባ።»

ሰይድ ወደ መንገዱ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ምን ጀልባ?»

«አልሙኒየም።»

መደገፊያውን ትቶ ተነሣ። «እትዬ፣ አልሙኒየም እንደ ብረት አይደለም። ገላው ለስላሳ ነው፤ ቀለም አይጨብጥም። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን የሥር ቀለም ይፈልጋል። እሱ እኔ ጋ የለም።»

«ደግ።»

«ያለ እሱ ከቀቡት እንደ ሽንኩርት ነው የሚላጠው።»

«ደግ።»

«ለመሆኑ ቀለም ለምን አስፈለጋት?»

«እንግዳ ይመጣል።»

«አሃ» አለ ሰይድ። ቀለም ነጋዴም ቢሆን ያገራችን ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። «እንግዲያስ ቢጫ ይውሰዱ። ቢጫ ከሩቅ ይታያል። እንግዳው ገና ከኮረብታው ላይ ሳለ ያየዋል።»

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ። ጋሎኗን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ማር ነው?» አለኝ። «ይመስገነው» አልኩት። ይህም እንደ ሌላው መልሴ ነው።

ባለሙያዋ ከመምጣቷ ከአንድ ቀን በፊት ጠዋት ሁላችንም አውድማው ላይ ተገናኘን። ጌትነት ሰማያዊውን ይዞ መጣ። የነፍስ አባቴ ሬንጅ በቆርቆሮ አንጠልጥለው፣ መስቀላቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው መጡ። አያ አድማሱ ቀዩን ይዞ ቆሟል። እኔ ከነጠላዬ ሥር ቢጫውን አወጣሁ።

«እማማ ሰማያዊ ብለውኛል» አለ ጌትነት።

«እኔን ደግ ብላኛለች» አሉ የነፍስ አባቴ።

«እኔንም እንደዚሁ» አለ አያ አድማሱ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሠናይት ከልጆቹ መካከል ሆና ታየኝ ነበር። ፊቷ ላይ «በዪ እንግዲህ እማዬ» የሚል ነገር አለ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ዝምታዬንም እንደ ልማዳቸው ተረጎሙት።

«ገባኝ» አለ ጌትነት። «እማማ የማንንም ልብ መስበር አልፈለጉም። ለአራት እንካፈላት ማለታቸው ነው።»

«ጥበብ ነው» አሉ የነፍስ አባቴ።

አያ አድማሱ ገመድ አመጣ። ጀልባዋ እንደ ርስት መሬት በገመድ ተለክታ ለአራት ተከፈለች። ድንበር ላይ ክርክር ተነሣ፤ ሰማያዊው ወደ ቀዩ ግማሽ ክንድ ገፋ ተብሎ ሽማግሌ ቆመ። የብርጭቆ ወረቀቱን ነገር ማንም አላነሳም። እኔ የሰማሁ ሰው ነበርኩ፤ ግን ለሰይድም የመለስኩለት ደግ ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ ከጆሮዬ አልፎ ወደ አፌ አልመጣም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጨረስን። አፍንጫዋ ጥቁር፣ ትከሻዋ ሰማያዊ፣ ወገቧ ቀይ፣ ጭራዋ ቢጫ። አራት ባል ያገባች ሴት አራቱም በየበኩላቸው ያለበሷት ትመስል ነበር። ያም ሆኖ ደስ ብሎን ቆመን አየናት። እውነቴን ነው፣ አምራለች ብለን ነበር።

አሁን ወደ ንፋሱ ልምጣ።

ወሩ ኅዳር ነው አላልኳችሁም? ኅዳር ገብስ ይወቃል። የአያ አድማሱ ገብስ ከትናንት ወዲያ በበሬ ተረግጦ፣ በአውድማው በሌላው ወገን ተከምሮ ንፋስ ይጠብቃል። አውድማ የሚሠራው ንፋስ በሚበዛበት ከፍታ ላይ መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን እናውቃለን። እርጥብ ቀለም ንፋስ ላይ እንደማይሰጣ ግን ማናችንም አላሰብንም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሣ። አያ አድማሱ የቀለም ብሩሹን አስቀምጦ መንሹን አነሣ። የደቦ ሰዎቹም ተነሡ። ገብሱን ወደ ላይ በተኑት፤ ፍሬው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ እብቁ ግን አየር ላይ ትንሽ አሰበና ወደ ጀልባዋ ሄደ።

«አያ አድማሱ!» ብሎ ጌትነት ሮጠ።

«ንፋስ ይጠብቃል እንዴ?» አለ አያ አድማሱ ሳያቆም። «የዛሬው ካመለጠኝ እስከ መቼ ልቁም?»

ገብሱ አልቆ ዞር ስንል ጀልባዋ ፀጉር አብቅላለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንድም እርቃን ቦታ የላትም። በግ ናት ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። ልጆቹ በእጃቸው ሊያራግፉ ሲነኩ እጃቸውም ፀጉር አበቀለ። በዚህ መካከል የአያ አድማሱ ጥጃ መጥታ ገለባ ያገኘች መስሏት የጀልባዋን ትከሻ ትልስ ጀመር። ስናባርራት ምላሷ ሰማያዊ ነበር። ማታ እናቷ አሽትታ አሽትታ አላውቅሽም አለቻት፤ ለአያ አድማሱ ተገቢ ቅጣት ነው እላለሁ።

በማግስቱ ባለሙያዋ በሞተር ብስክሌት መጣች። ወጣት ናት፤ እስከ ጉልበቷ የጎማ ጫማ አድርጋለች። የነፍስ አባቴን መስቀል ተሳለመች፤ እኛንም አንድ በአንድ ሰላም አለች። ከዚያ ጀልባዋን ሦስት ጊዜ ዞረቻት። እኛ ሦስት ጊዜ የምንዞረው ቤተ ክርስቲያን ነውና፣ ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«ጀልባዋ ናት» አለ ጌትነት።

«እሱን እየተጠራጠርኩ ነው። ፀጉሩ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው የኔ ልጅ» አለ አያ አድማሱ። «የዘንድሮ ገብስ። ጥሩ ይዟል።»

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ማን ቀቡ አላችሁ?» አለች። «አልሙኒየም አይዝግም። ሳይቀባ ነው ውሃ ላይ የሚኖረው። እኔ የመጣሁት ብየዳዋንና ምስማሮቿን ልመረምር ነበር። አሁን ምኑን ልይ? ይህን ሁሉ ተሸፍና እያለ ደህና ናት ብዬ ፈርሜ ልጆች ላሳፍርባት? መሐል ውሃ ላይ ብትከፈት ለእናቶቻቸው ምን እላለሁ?»

እውነቷን ነው። ከዚህ በላይ ያሳፈረኝም እውነቷን መሆኑ ነው። «እንግዲህ አዝናለሁ» አለችና ስልኳን አወጣች። «መኪናው ዛሬውኑ መጥቶ ይውሰዳት። የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።»

ያን ጊዜ ሠናይት ምንም ሳትናገር ዞራ ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። ጀርባዋን አየሁት። ያን ጀርባ አውቀዋለሁ፤ አውቶቡስ ተራ ላይ ሻንጣ ይዞ አንድ ጊዜ ሄዶብኛል። አፌ ራሱ ተከፈተ።

«ልጄ፣ ስልኩን አቆይው» አልኩ። ባለሙያዋ ዞር አለች። «ልጆቹ አላጠፉም። አራት ሰው አራት አሳብ አመጣልኝ፤ ለአራቱም ደግ ያልኩ እኔ ነኝ። አንዱን እንኳ አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ቀለም የሸጠልኝ ሰው እንኳ አልሙኒየም ላይ አይይዝም፣ ይላጣል ብሎኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሽን። እኛ የቀባነውን እኛ እናላቅቀዋለን። ብየዳዋ ካልታየሽ ያን ጊዜ ውሰጃት፤ ቅር አንልም። ይህቺ የምትሄደው ልጅ የእኔ ናት። ጀልባዋ ከሄደች እሷም ትሄዳለች።»

በሕይወቴ ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። አያ አድማሱ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ይህ ሁሉ ቃል የት ተቀምጦ ኖሯል?» አለ።

ባለሙያዋ ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰችው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለች።

ሠናይት መንገድ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ያዝኩና አንድ እፍኝ ገለባ አስጨበጥኳት። «ፈትጊ» አልኳት።

የመንደሩ ሰው ለቀለም ሥራ አራት ብሩሽ አዋጥቶ ነበር፤ ለማላቀቁ ግን የሌለ ሰው አልነበረም። አመድ መጣ፤ አሸዋ መጣ፤ የድስት መፈተጊያ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ «ምን ያስቸግራል፣ ትልቅ ድስት ናት» ብለው ገቡበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰይድ እውነተኛ ነጋዴ ነው። የቀዩን ጫፍ በጥፍሬ ሳነሣው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሎኝ መጣ። እብቁ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይወጣል፤ አንዱን ስንስብ ሌላውን ይጎትተዋል። ቢጫው በምንጣፍ ልክ ተላጠ። አያ አድማሱ የቀዩን ልጣጭ እያየ፣ «የእኔ የብረት በር ላይ ግን እኮ ይዞ ነበር» እያለ እስከ መጨረሻው ተከራከረ።

ያስቸገረን ሬንጁ ነው። ኖኅ የተማመነበት ነገር በቀላሉ አይለቅም። የነፍስ አባቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥምጥማቸውን ለሰው አስይዘው፣ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ራሳቸው ይፈትጉ ጀመር። ላባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«አባቴ፣ ይተዉት፤ እኛ እንጨርሰዋለን» አልኳቸው።

«አይሆንም ልጄ፤ የቀባ ይፈትጋል» አሉ። ትንሽ ፈትገው ቀና አሉና፣ «ኖኅ መልሰህ አላቅቅ አልተባለም። በዚህ በዚህ ከእኛ ይሻላል» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባዋ ነጥታ ተገኘች። ከመጣችበት ቀን ይልቅ ታበራለች። ባለሙያዋ ተንበርክካ ብየዳዋን በጣቷ እየዳበሰች ከአፍንጫዋ ጀምራ ሄደች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ከኋላዋ እንሄዳለን። ሰማያዊው የነበረበት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህቺ ምስማር ላልታለች» አለች። ከቦርሳዋ መሣሪያ አውጥታ አጠበቀቻት፤ ዙሪያዋንም በማጣበቂያ ሞላችው። «ቀለሙ ሥር ቢሆን አላያትም ነበር። ውሃ ላይ ነበር የምናውቃት።» ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ደህና ናት። ውረዱ።»

እልል ተባለ። በእልልታው መካከል አያ አድማሱ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ጭራዋ ላይ ብቻ ትንሽ ቀይ ጠብ ላድርግባት። ለዓይን» አለኝ።

«አይሆንም፣ አያ አድማሱ» አልኩት።

እልልታው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አያ አድማሱ አልተቀየመም፤ እንዲያውም የከበደ ነገር እንደ ሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ቃሏ ለካ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለችም። ሰማዩ አልወደቀም።

ከአውድማው እስከ ግድቡ መንገድ የለም፤ ቁልቁለት ነው። ዐሥር ሰው ጀልባዋን በትከሻው ተሸክሞ በአንድ ረድፍ ይወርድ ጀመር፤ የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ይመራሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ እንከተላለን። ይህ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አላሰብንም። ከማዶ መንደር አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ ከኋላቸው ሌሎችም።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ እያለከለኩ።

«ቀለሙ» አለ አያ አድማሱ ከጀልባዋ ሥር።

ነገሩን ስንነግራቸው፣ «እንግዲህ ከወጣሁ አይቀር» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው አብረውን ወረዱ። ለልቅሶ የመጣው ሁሉ ደስታ ላይ ዋለ። እንዲህ ያለ ቀን በየስንት ጊዜው ይገኛል?

ውሃው ዳር የነፍስ አባቴ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩባት። ጌትነት ቀረብ ብሎ፣ «አባ፣ ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ቀረው። ዓሣ በጾም ይበላል?» አላቸው።

«መጀመሪያ ያዝ» አሉት።

ባለሙያዋ ለልጆቹ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አለበሰቻቸውና ሠናይትንና ጌትነትን መቅዘፊያ አስጨበጠቻቸው። ሁለቱም ቀዝፈው አያውቁም። አንዱ ሲጎትት ሌላው ይገፋል፤ ጀልባዋ እንደ አውድማ በሬ ባለችበት ትዞር ጀመር። ከዳር ያለው ሁሉ መካሪ ሆነ። «ወደ ቀኝ!» ይላል አንዱ፤ «በሬ አይደለችም፣ ተዋት!» ይላል ሌላው። ልጄ መሐል ውሃ ላይ ሆና ሳቀች። ድምፅ አውጥታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ከዚያ ጀልባዋ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘችና ቀጥ ብላ ሄደች። ፀሐይ አልሙኒየሙ ላይ አርፋ ዓይን ታጭበረብር ነበር። ከደብሩ ቅጥር ሆነው የሚያዩ ሽማግሌዎች እንኳ «መስተዋት ውሃው ላይ ወደቀ እንዴ?» ሲሉ እንደነበር በኋላ ሰማን። የትኛውም ቀለማችን ከዚያ ሩቅ አይታይም ነበር።

ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ ፈርማ፣ ሞተሯን አስነሥታ ሄደች። ስትሄድ ሱሪዋ ላይ ሁለት የገብስ እብቅ ተጣብቆ ነበር፤ አልነገርኳትም። ያገሬ ስጦታ ነው።

ሠናይት እስከ ወገቧ ርሳ ከውሃው ወጣች። «እማዬ፣ ነገ ከሚካኤል መልስ እናርፋለን። ከነገ ወዲያ ጎሕ ሳይቀድ መረብ ልንጥል ነው። ስንቅ ቋጥሪልኝ» አለችኝ።

«ለስንት ቀን?» አልኩ። እናት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ለግማሽ ቀን ነዋ! ለምሳ ቤት እገባለሁ።»

ለዚህች ልጅ አንድ ጊዜ ለሩቅ መንገድ ስንቅ ቋጥሬላት አውቃለሁ። ዳቦ ቆሎውን በሶውን በጆንያ ሞልቼ፣ እጄ አልበቃ ብሎኝ ጎረቤት ያገዘኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የበላችውን የማላውቅበት ስንቅ ነበር። ለውሃው የቋጠርኩላት በአንድ መዳፍ ይያዛል፦ አንድ ቁራሽ የገብስ ዳቦ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። ያን ያህል ትንሽ ስንቅ ቋጥሬ፣ ያን ያህል ልቤ ሞልቶ አያውቅም። ክብር ለእርሱ ይሁን።